ቀን በማቆያ፣ ሌሊት በጡት

የወሊድ ፈቃድ አልቆ እናት ወደ ሥራ ስትመለስ ጡት የሚጠባው ሕፃን ቀኑን በማቆያ ማሳለፍ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ በዚያው ሰሞን ሌሊቱም ይለወጣል። አንዴ ብቻ ይነቃ የነበረው ልጅ ሦስት አራት ጊዜ እየተነሣ ጡት ይፈልጋል። ቤተ ዘመድ አንድም «ሞላቀቀ» ይላል፣ አንድም የእናቲቱ ወተት አነሰ ብሎ ይፈርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም አይደለም፤ ልጁ ቀን ያልጠባውን ሌሊት እየተካ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ የሚያጋጥመው ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ሕፃን 6 ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት ወተት በቀር ውኃ እንኳ እንዳይሰጠው ይመክራል። በሁለቱ መካከል ያሉትን ወራት የሚሸፍነው የታለበ ወተትና የሌሊት ጡት ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በመሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር። ማቆያው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ላላት እናት ነገሩ በእጅጉ ይቀልላል፤ በሻይና በምሳ ሰዓት ወርዳ አጥብታ ትመለሳለች። ሌላዋ ግን ከቤት ስትወጣ ያጠባችውን ልጅ ዳግም የምታቅፈው አመሻሽ ላይ ነው።

ሌሊት መጥባት ማቆያ ያመጣው ጉዳይ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ከ1 እስከ 6 ወር ዕድሜ ያላቸው 71 ሕፃናት በ24 ሰዓት ውስጥ የሚጠቡትን ወተት መዝኖ ነበር። አማካዩ 788 ግራም ሆነ፤ ግን አንዱ 500 ግራም እንኳ ሳይሞላ ሌላው ከ1,300 ግራም በላይ ይጠባ ነበር። አብዛኞቹ ሌሊት ይጠባሉ፤ ከዕለቱ ወተት አንድ አምስተኛ ያህሉም የሚገኘው ከሌሊቱ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ መተኛቱ ለሌላው ልጅ መለኪያ አይሆንም።

እናቱ የሌለችበትን ጊዜ ለማስላት በተለምዶ ለአንድ ሰዓት ከ30 እስከ 45 ሚሊ ሊትር ይያዛል። ለ9 ሰዓት ከ270 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ልጁ ጡጦውን ቀመስ እያደረገ 120 ብቻ ጠጥቶ ከዋለ ቀሪውን ማታና ሌሊት ይጠይቃል። እናትን ያደክማል እንጂ ክብደቱ በአግባቡ የሚጨምርና በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ዳይፐሩን የሚያረጥብ ልጅን አይጎዳውም። ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ሌሊት ከፍ ስለሚል የሌሊቱ ጡት ምርቱንም ይደግፋል። በሌሊቱ ወተት ውስጥ ሜላቶኒን የተባለ የእንቅልፍ ሆርሞንም አለ፤ በቀኑ ወተት ግን እምብዛም አይገኝም።

ሌሊቱን ለማቅለል መጀመሪያ መታየት ያለበት ቀኑ ነው። እናት ሥራ ላይ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ብታልብ ምርቱ አይወርድም። ማለቢያ መሣሪያ ከሌለ በደንብ የታጠበ እጅ ይበቃል። አዲስ የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ሲሰጥ ዕቃው ሙቅ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ለብ ይደረጋል እንጂ በማይክሮዌቭ አይሞቅም፤ አንዱ ጎን ቀዝቅዞ ሌላው አፍ ሊያቃጥል ይችላል። ጡጦ እንቢ ያለ ልጅ በትንሽ ኩባያ ወይም በሲኒ መጠጣት ይችላል፤ ጡጦ በደንብ ማጠብና መቀቀል በሚያስቸግርበት ቦታ ደግሞ ኩባያው ይመረጣል።

አሰጣጡም ከመጠኑ ያላነሰ ትኩረት ይሻል። ሞግዚቷ ልጁን ቀና አድርጋ ይዛ፣ ጡጦውን አጋድማ፣ በየመሐሉ ብታሳርፈው መጥገቡን ራሱ ያሳያል። ተንጋሎ ጡጦ የሚንቆረቆርለት ልጅ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ይጨርሳል። ማታ ማቆያው «ወተቱ አልበቃውም» ሲል እናቲቱ ደንግጣ የቆርቆሮ ወተት ትጨምራለች፤ ጡቷ ባልተጠባ ቁጥር ደግሞ ወተቱ እውነትም ይቀንሳል።

የእንቅልፉ ነገር ሌላም መነሻ አለው። ሕፃን በአራተኛው ወር አካባቢ የእንቅልፉ አደራደር ስለሚለወጥ ቀላል እንቅልፍ ላይ ሲደርስ በየመሐሉ ይባንናል። ይህ ማቆያ ከሚገባበት ጊዜ ጋር ስለሚገጣጠም ወቀሳው ሁሉ ማቆያው ላይ ይወድቃል። ከ4 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። ቤት ውስጥ በአንቀልባ ታዝሎ መተኛት የለመደ ልጅ ብዙ ሕፃናት በሚጮኹበት ክፍል አልጋ ላይ ሲጋደም አይኑን አይከድንም፤ አንዲት ሞግዚት ደግሞ ሁሉንም ማዘል አትችልም። እንቅልፍ ያጣው ልጅ 11 ሰዓት ላይ ታክሲ ውስጥ ጭልጥ ይላል፣ ከዚያ ማታ 2 ሰዓት ላይ ነቅቶ ለጨዋታ ይነሣል። ሥራ ከመጀመሩ አንድ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ቀን ቀን አልጋ ላይ እንዲተኛ ማለማመድ ይረዳል።

ጠዋት ማቆያው በር ላይ፣ ማታም ልጁን እንደተረከቡ ታክሲ ከመሳፈር በፊት ማጥባት ጥሩ ነው። ለዚህም ሞግዚቷ በመጨረሻው ሰዓት ሙሉ ጡጦ እንዳትሰጠው መንገር ያስፈልጋል። ከዚያ እስከ መኝታ ደጋግሞ ማጥባት፣ እናት ራሷ ልትተኛ ስትልም ጥቂት ማጥባት ቀጣዩን መንቃት ያዘገየዋል። ሌሊት መብራቱ ደብዛዛ፣ ቴሌቪዥኑ የተዘጋ፣ ንግግሩም አጭር ይሁን።

በአንድ አልጋ ስለመተኛት ባለሙያዎች አንድ ቃል አይደሉም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጁ በአንድ ክፍል፣ በራሱ መኝታ ይተኛ ይላል። የጡት ማጥባት ሕክምና አካዳሚ ግን በ2020 እ.ኤ.አ. መመሪያው አደጋ የሚጨምሩ ነገሮች ከሌሉ አብሮ መተኛትን አይከለክልም። ሁለቱ የሚስማሙበት ነገር አለ፦ ሕፃን በጀርባው ይተኛ፤ ትራስ፣ ጋቢና ከባድ ብርድ ልብስ ከፊቱ ይራቅ፤ መጠጥ ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ከወሰደ፣ ሲጋራም ከሚያጨስ ሰው ጋር አይተኛ። ከሁሉ የከፋው ሶፋ ላይ አቅፎ ማንቀላፋት ነው፤ ደክሟት ተቀምጣ የምታጠባ እናት አልጋ ላይ ጋደም ብትል ይሻላታል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገርም አለ። ጡት ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ልጁ ከ6 ወር በታች ሆኖ፣ የወር አበባ ሳይመለስ፣ ቀንም ሌሊትም ሳይራራቅ ጡት ብቻ ሲጠባ ነው። ማቆያ ሲገባ የመጥባቱ ልዩነት ስለሚሰፋ ሌላ የወሊድ መከላከያ ማሰብ ያስፈልጋል።

ስድስት ወር ሞልቶ ገንፎ ሲጀመር ሌሊቱ ወዲያው ጸጥ አይልም። የሌሊቱን መቀነስ የምትሻ እናት አንዱን እያሳጠረች፣ አባት ወይም አያት እያባበሉት ቀስ በቀስ ብትሄድ ይሻላል፤ በአንዴ መቁረጥ ጡት ያሳብጣል፣ ሊያመረቅዝም ይችላል። ልጁ በማቆያው የመጀመሪያ ወራት ጉንፋን መመላለሱ ስለማይቀር ግን በእነዚያ ሳምንታት ቅነሳው ይቆያል። አፍንጫው የታፈነ ሕፃን ጥቂት ጥቂት እየጠባ ደጋግሞ ይነቃል። መጥባት እንቢ ካለ፣ ዳይፐሩ ደርቆ ከዋለ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ከተሰረጎደ፣ ወይም ከ3 ወር በታች ሆኖ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይወሰዳል።