ደካማው ማያያዣ፦ ኖራና የታሪካዊ ግንቦች ዕድሜ



ስለ ታሪካዊ ቤተ መንግሥቶች በተነሣ ቁጥር አብዝተን የምንናገረው ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ግንቦቹ ቁመትና ስለ ድንጋዩ ጥንካሬ ነው። የዛሬው ንግግሬ ግን በድንጋይና በድንጋይ መካከል ስላለው ነገር፣ ማለትም ስለ ኖራ ነው። ላስረዳ የምፈልገው አሳብም አንድ ነው፦ የጥንት ግንብ ለዘመናት ጸንቶ ከሚኖርባቸው ምክንያቶች አንዱ ማያያዣው ከድንጋዩ የደከመ መሆኑ ነው። ይህን ሳይረዳ ለእድሳት የተነሣ ሰው ሊጠብቀው የመጣውን ቅርስ ሊያፈርሰው ይችላል። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የነገሩን ተፈጥሮ እንመልከት። የኖራ ድንጋይ በአመዛኙ ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ ብዙው ክፍል የተገኘው በጥንታዊ ባሕሮች ይኖሩ ከነበሩ ፍጥረታት የዛጎልና የአጽም ዝቃጭ ነው። ይህ ድንጋይ በምድጃ ውስጥ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲግል በውስጡ የታሰረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ከ100 ኪሎ ግራም ንጹሕ ድንጋይ 44 ኪሎ ግራሙ ጋዝ ሆኖ ይበናል፤ 56 ኪሎ ግራሙ ያልበረደ ኖራ ሆኖ ይቀራል። ያልበረደው ኖራ ውኃ ሲነካው በኃይል ይፈላል፤ ከዚያም የበረደ ኖራ ይሆናል። ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በግድግዳው ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ምድጃው የነሣውን ጋዝ ከአየር መልሶ እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ለውጡ ከላይ ጀምሮ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ፣ በወፍራም ግድግዳ ውስጥ ብዙ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ይህ የኬሚስትሪ ዑደት ለሥነ ጥበብም ባለውለታ ነው። ሚካኤል አንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 የሲስቲን ጸሎት ቤትን ጣራ ሲሥል ቀለሙን የቀባው ገና ባልደረቀ የኖራ ልስን ላይ ነበር። ኖራው ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ቀለሙን በውስጡ ይዞ ስለሚጠነክር፣ ሥዕሉ የግድግዳው አካል ሆነ። ሌኦናርዶ ዳቪንቺ ግን በሚላኖ «የመጨረሻው እራት»ን የሣለው በደረቀ ልስን ላይ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ከግድግዳው ጋር ሳይዋሐድ ቀረ፤ ሠዓሊው ባረፈ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥም ሥዕሉ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር።

በሩቅ ምሥራቅም ግንበኞች የኖራን ጠባይ በየራሳቸው መንገድ አሻሽለውታል። በቻይና የሚንግ ሥርወ መንግሥት ግንበኞች ሲበስል የሚጣበቅ የሩዝ ዓይነት አፍልተው ከኖራው ጋር ይቀላቅሉ ነበር። የቻይና ኬሚስቶች በ2010 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ በሩዙ ውስጥ ያለው አሚሎፔክቲን የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታሎች እንዳይተልቁ ስለሚገታ፣ ማያያዣው ጥቅጥቅ ያለና ጽኑ ይሆናል። በጃፓን ደግሞ የሂሜጂ ቤተ መንግሥት ነጭ ልስን ከኖራ፣ ከተክል ቃጫና ከባሕር አረም ከሚወጣ ሙጫ የተሠራ ነው። ልስኑ ከውበቱ ሌላ የእንጨቱን ሕንፃ ከእሳት የሚከላከል ልብስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው አሳብ ልምጣ። ግድግዳ ዝናብና የመሬት እርጥበት ወደ ውስጡ ይገባሉ፤ የገባውም ውኃ መውጫ ይፈልጋል። ኖራ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት እርጥበቱ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ በኩል ይተናል። ሕንፃው በመጠኑ ሲሰምጥ ወይም ሲንቀሳቀስ መጋጠሚያው ጥቂት ይለቃል እንጂ ድንጋዩን አይሰነጥቀውም። በቀጫጭን ስንጥቆች ውስጥ የሚያልፍ ውኃም ኖራውን በጥቂቱ አሟሙቶ በሌላ ቦታ መልሶ ስለሚያስቀምጠው፣ ግድግዳው አንዳንዴ ቁስሉን በራሱ ይደፍናል። ማያያዣው በዘመን ብዛት ሲያልቅ የሚተካው ማያያዣው ብቻ ነው፤ ድንጋዩ በቦታው ይኖራል።

በ1824 ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ግንበኛ ለፖርትላንድ ሲሚንቶ የፈጠራ መብት አገኘ። ሲሚንቶ ለአዲስ ሕንፃ ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል። በጥንት ግድግዳ መጋጠሚያ ውስጥ ሲገባ ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል። ከድንጋዩ የጠነከረና እርጥበት በቀላሉ የማያሳልፍ ስለሆነ፣ ውኃው በድንጋዩ በኩል ለመውጣት ይገደዳል። ውኃው ተንኖ ሲያልቅ በውስጡ የነበረው ጨው በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ክሪስታል ይሠራል፤ ድንጋዩም ከውስጥ እየተገፋ ይላጣል። ከዓመታት በኋላ ሲሚንቶው እንደቆመ ድንጋዩ ተበልቶ እናገኘዋለን።

የጎንደር ታሪክ ይህን ትምህርት በቅርብ ያሳየናል። የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን እንደጻፉት፣ የኖራ አሠራር በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተስፋፋው ከሕንድ የመጣ አንድ ሰው ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ ካወቀ በኋላ ነው። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ከ1632 እስከ 1667 ሲነግሡ፣ የጎንደርን ግንብ በአካባቢው ባዛልትና በኖራ አሠሩ። በጣልያን ወረራ ዘመን ግን በቅጥሩ ውስጥ በነበሩት ሕንፃዎች ላይ ሲሚንቶና ኮንክሪት ተጨመረ። ፋሲል ግቢ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በኋለኞቹ የጥበቃ ሥራዎችም ባለሙያዎች የገባውን ሲሚንቶ እያነሡ በኖራ ለመተካት ተገድደዋል። ለማጠንከር ተብሎ የተጨመረውን ማንሣት ራሱን የቻለ ሌላ ድካም ሆነ።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ በኖራ የታደሰ ሕንፃ አዲስ ሲመስል ቅርስነቱን ያጣልን? የሂሜጂ ዋና ግንብ ከ2009 እስከ 2015 ታድሶ ሲገለጥ፣ ብዙ ጃፓናውያን ከመጠን በላይ ነጭ ሆነ ብለው ተደነቁ። ነገር ግን ዐይናቸው የለመደው ግራጫ መልክ በጊዜ ብዛት የመጣ ሻጋታና እድፍ ነበር፤ የመጀመሪያው መልክ ነጭ ነው። ልስኑም ከዓመት ወደ ዓመት እየጠቆረ ይሄዳል። ስለዚህ የእድሳትን መልካምነት በመጀመሪያው ቀን ገጽታ ብቻ መመዘን አይገባም። አብልጦ ሊጠየቅ የሚገባው፣ በግድግዳው ውስጥ የገባው ነገር ምንድን ነው? ውኃውስ መውጫ አለው ወይ? የሚለው ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ነገ መሐንዲስ፣ ኬሚስት ወይም የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ የሚሆኑ አሉ። የጥንት ግድግዳ በአደራ ሲሰጣችሁ፣ ከማናቸውም ሥራ በፊት አሮጌውን ማያያዣ በቤተ ሙከራ መርምሩ፤ ከዚያም ከድንጋዩ የሚደክም፣ ቢያስፈልግም ያለ ጉዳት ሊነሣ የሚችል ማያያዣ ምረጡ። ኖራ አቃጥሎና አብርዶ በትዕግሥት የሚሠራ ባለሙያ በየአካባቢው ካገኛችሁም እውቀቱን መዝግቡ፤ ያ እውቀት ከጠፋ ግንቡን በትክክል የሚጠግን እጅ አይገኝምና።