የጎደለው ቁራጭ የት ገባ?

በ1960 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፊላደልፊያዎቹ ተመራማሪዎች ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ፣ ሥር በሰደደ አንድ ዓይነት የደም ካንሰር የተያዙ ሰዎችን ሴል በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ አንዷ ክሮሞሶም አጥራ አገኟት። የሌላውንም ሕመምተኛ ሲያዩ ያችው ናት ያጠረችው። «የፊላደልፊያ ክሮሞሶም» የሚል ስም ወጣላት። የጎደለውን ቁራጭ ግን ጠፍቷል ብለው ተዉት። በካንሰር ሴል ውስጥ የሚታየው የክሮሞሶም መዛባት በሽታው ያስከተለው ጣጣ እንጂ የበሽታው መነሻ አይደለም የሚለው እምነት በዚያን ጊዜ ጸንቶ ነበር።

ቁራጩን ያገኙት ዶክተር ጃኔት ራውሊ ወደ ምርምር የገቡት ዘግይተው ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ከ65 ቦታ ለሴቶች የሚሰጠው 3 ብቻ ነበር፤ እርሱም ሞልቶ ስለነበር ዘጠኝ ወር ጠበቁ። በ1948 ተመርቀው በማግሥቱ አገቡ። አራት ወንዶች ልጆች እያሳደጉ፣ በሳምንት ጥቂት ቀን የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች በሚታዩበት ክሊኒክ ይሠሩ ነበር። የዳውን ሲንድረም መንስኤ አንድ ትርፍ ክሮሞሶም መሆኑ በ1959 ሲታወቅ ልባቸው ወደ ክሮሞሶም ጥናት አዘነበለ።

ባለቤታቸው ለምርምር ወደ ኦክስፎርድ ሲሄዱ አብረው ሄደው የክሮሞሶም ምርመራን እዚያ ተማሩ። ቺካጎ ተመልሰው የደም ሐኪሙን ሊዮን ጃኮብሰንን የጠየቁት ማይክሮስኮፕ፣ የፎቶ ማጠቢያ ጨለማ ክፍልና ለሞግዚት የሚከፍሉት ደመወዝ ነበር። ጃኮብሰን እሺ አሉ።

ከዚያ ዓመታት ያለ ትልቅ ውጤት አለፉ። ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም። የጊዜው ማቅለሚያ ክሮሞሶሞቹን አንድ ወጥ አድርጎ ስለሚቀባቸው፣ በመጠን የሚቀራረቡትን መለየት አይቻልም ነበር። በ1970 ገደማ ስዊድናዊው ቶርብዮርን ካስፐርሰንና ባልደረቦቻቸው አዲስ ማቅለሚያ አመጡ፤ እያንዳንዱ ክሮሞሶም እንደ ቀሚስ ጥለት የራሱ መስመር ወጣለት። ራውሊ ሁለተኛ ጊዜ ኦክስፎርድ ሄደው ይህንንም ተማሩ።

በማይክሮስኮፕ ያነሷቸውን ፎቶዎች ቤታቸው ወስደው በምግብ ጠረጴዛ ላይ ክሮሞሶሞቹን በመቀስ እየቆረጡ ጥንድ ጥንዱን ይደረድሩ ጀመር። ልጆቻቸው እናታቸው በወረቀት አሻንጉሊት ትጫወታለች እያሉ ይቀልዱ ነበር። በ1972 በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር 8ኛውና 21ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ተለዋውጠው አዩ። ይህን ያየ ዓይን ወደ ፊላደልፊያዋ ክሮሞሶም ሲመለስ ጥያቄው ሌላ ሆነ። አጭሯ 22ኛዋ ናት። 9ኛው ደግሞ ጫፉ ላይ ትርፍ ነገር ይዟል፤ የትርፉም መጠን ከጎደለው ጋር ይቀራረባል። ሌላ ሕመምተኛ ቢያዩም ያው፣ ሌላም ቢጨምሩ ያው። ለካ ቁራጩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም!

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ቅጽበት ነው። ያጠረችውን ዓለም ሁሉ አይቷታል፤ ራውሊ ግን ስለ አንዷ ክሮሞሶም ለመጠየቅ ሁሉንም ተመለከቱ።

ግኝቱ በ1973 በኔቸር መጽሔት አጭር ጽሑፍ ሆኖ ወጣ። ብዙዎች ወዲያው አላመኑም። በ1977 ራውሊና ባልደረቦቻቸው በሌላ የደም ካንሰር ውስጥ በ15ኛውና በ17ኛው ክሮሞሶም መካከል ሦስተኛ ልውውጥ ሲያገኙ ግን፣ አንዳንድ የደም ካንሰሮች የየራሳቸው ቅያሬ እንዳላቸው መካድ ከባድ ሆነ።

በ1980ዎቹ ሌሎች ተመራማሪዎች ውስጡን ገለጡት፦ ከ9ኛው የተነሣው ኤቢኤል የተባለ ዘረመል 22ኛው ላይ ካለው ቢሲአር ጋር ሲጣበቅ፣ ነጭ የደም ሴሎችን ያለ ፋታ የሚያራባ ኢንዛይም ይወለዳል። ይህን ኢንዛይም ለይቶ የሚገታ ኢማቲኒብ የተባለ እንክብል ተሠራ። ብራያን ድሩከር በመሩት የመጀመሪያው የሰው ሙከራ በቂ መጠን ከወሰዱት 54 ሕሙማን የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤናማው ተመለሰ። በ2001 አሜሪካ መድኃኒቱን ስታጸድቅ ራውሊ 76 ዓመታቸው ነበር። በ2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳልያ ሸለሟቸው፤ በ2013 በ88 ዓመታቸው አረፉ።

እንክብሉ እኛም ዘንድ ደርሷል። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙ ሕሙማን በዓለም አቀፍ የእርዳታ ፕሮግራም በነፃ ሲያገኙት ቆይተዋል። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የሚጣራውም የ9ኛውና የ22ኛው ልውውጥ መኖሩ ነው።