ዓርብን የሚጠብቁ ደብዳቤዎች

በፔታህ ቲክቫ ብዙ ቤቶች ውስጥ ደብዳቤ የሚቀመጥበት የታወቀ ቦታ አለ፤ ፍሪጁ በር ላይ በማግኔት ተይዞ፣ ወይም ከቴሌቪዥኑ አጠገብ። ከቢቱዋህ ሌኡሚ የመጣውም፣ ከዒሪያው የመጣውም፣ ከኩፓት ሆሊሙ የመጣውም እዚያው ይከማቻል። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ዓርብ ከሰዓት ለሰንበት ሲመጣ አንድ በአንድ ያነበዋል። ልጁ ሚሉዊም ላይ ከሆነ ወይም ፈተና ካለበት ደግሞ ወረቀቱ እስከሚቀጥለው ዓርብ ይቆያል።

አንዳንዱ ወረቀት ግን ዓርብን አይጠብቅም። የመኪና ማቆሚያ ቅጣትን እንውሰድ። ቅጣቱ ይሰረዝልኝ ብሎ ለማመልከት የተሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። ለመክፈል ወይም በፍርድ ቤት ልከራከር ለማለት 90 ቀን ነው። ያ ካለፈ የቅጣቱ ግማሽ ይጨመርበታል፣ ከዚያም በየስድስት ወሩ 5 በመቶ። የ250 ሸቀል ቅጣት ፍሪጅ ላይ ተረስቶ 375 ሸቀል ይሆናል ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ወላጆች አፍ አውጥተው ብዙ ባይናገሩትም ስንጠይቃቸው ነግረውናል። የማህፀን ምርመራ ውጤት የ14 ዓመት የልጅ ልጅ የሚያነበው ወረቀት አይደለም። የዕዳ ማስጠንቀቂያም እንዲሁ። አንድ አባት «ልጄ ስለ ዕዳዬ ከእኔ በፊት አወቀ» ብለው ነው ያጫወቱን።

እንግዲህ በዚህ ገጽ ላይ ስለ አዳዲስ ስልኮችና አፕሊካጺያዎች ብዙ እንጠየቃለን፤ «የትኛውን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ይበዛል። በዚህ ወር ጥያቄውን ገልበጥ አድርገን ያዝነው። ምንም ሳንገዛ፣ ሦስት ዓመት ያገለገለ መካከለኛ ዋጋ ያለው የአንድሮይድ ስልክ ይዘን፣ ከምናውቃቸው ቤተሰቦች ጋር በየቤታቸው ተቀመጥን። ፍሪጁ ላይ ያሉትን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ አወረድን፣ ስልኩንም ጠየቅነው።

መጀመሪያ ማወቅ ያለብን፣ አማርኛ ለስልክ እንግዳ ቋንቋ አለመሆኑን ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በ2016፣ በድምፅ መጻፍን ደግሞ በ2017 ነው። ትግርኛ ተናጋሪ ለሆኑ ወላጆቻችንም በ2022 ትግርኛ በትርጉሙ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ «አማርኛ የሚያውቅ ስልክ» ተብሎ በውድ ሊሸጥልዎ የሚሞከር ዕቃ ካለ፣ ኪስዎ ውስጥ ያለውም ሳያውቀው አይቀርም።

ወደ ደብዳቤዎቹ እንመለስ። አሠራሩ ቀላል ነው። የትርጉም አፕሊካጺያው ይከፈታል፣ ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ ተብሎ ይመረጣል፣ የካሜራው ምልክት ይነካል፣ ወረቀቱ በደንብ ብርሃን ባለበት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ፎቶ ይነሳል። እጅ ከተንቀጠቀጠ ወይም ወረቀቱ ከታጠፈ ዕብራይስጡ ይበላሻል፤ ስለዚህ ቸኮላ የለም። ከማንሳትዎ በፊት የመታወቂያ ቁጥሩና የባንክ ሒሳቡ ያለበትን ጥግ አጥፈው ይደብቁ፤ ለትርጉሙ አያስፈልግም።

ከአንድ በላይ አፕሊካጺያ ሞክረናል። ስማቸውን የማንጠቅሰው በየጊዜው ስለሚለዋወጡና ሁሉም በአንድ ዓይነት ቦታ ላይ ስለሚሰናከሉ ነው። በመልካም ጎኑ፣ ደብዳቤው ከማን እንደመጣ፣ ስለ ምን እንደሆነ፣ ስንት ሸቀልና እስከ መቼ እንደሚል በአብዛኛው አውጥተው ሰጥተውናል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከአንዲት እናት ፍሪጅ ካወረድነው ክምር ውስጥ ግማሹ ማስታወቂያ ሆኖ ተገኘ፤ የሶፋ ሽያጭ፣ የመነጽር ቅናሽ። እናታችን ለሦስት ሳምንት የመንግሥት ወረቀት መስሏቸው ሲጨነቁበት ነበር። በትርጉሙ ውስጥ «ቅጣት»፣ «ማስጠንቀቂያ»፣ «ይግባኝ»፣ «ዕገዳ» ወይም «የመጨረሻ» የሚል ቃል ካዩ፣ ወይም ከገንዘብ ጎን ቀን ተጽፎ ካዩ፣ ያ ደብዳቤ የዛሬ ነው። ዓርብን ሳይጠብቁ ለልጅዎ ይደውሉ።

ትርጉሙ የሚሰናከለው አንድ ቃል በመሥሪያ ቤት ውስጥ ልዩ ትርጉም ሲኖረው ነው። ይህን በጣም ያየነው በትሉሽ ላይ ነው። በጽዳት የሚሠሩ አንዲት እናት የደመወዝ ወረቀታቸውን አንስተው ሲያስተረጉሙ «ድሜ ሃቭራአ» የሚለው «የማገገሚያ ገንዘብ» ሆኖ መጣ። «እኔ መቼ ታመምኩ?» አሉ ደንግጠው። ሃቭራአ ከበሽታ ጋር አይገናኝም፤ በአንድ አሠሪ ዘንድ አንድ ዓመት የሞላው ሠራተኛ በየዓመቱ የሚከፈለው የዕረፍት ድጎማ ነው። «ኬረን ሂሽታልሙት» ደግሞ «የሥልጠና ፈንድ» ተባለ። «ትምህርት ቤት ሄጄ አላውቅም፣ ለምን ይቆርጡብኛል?» አሉ። እሱም ቢሆን ስሙ እንጂ ነገሩ ቁጠባ ነው፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ያለ ግብር የሚወጣ፣ አሠሪውም የሚያዋጣበት ገንዘብ። ትርጉሙን ብቻ አምነው «ይህን አቁሙልኝ» ቢሉ ኖሮ የራሳቸውን ገንዘብ በገዛ እጃቸው ይጥሉ ነበር።

በትሉሽ ላይ ግን ትርጉም የማያስፈልገው ነገር አለ፤ ቁጥር። ቁጥር በዕብራይስጥም በአማርኛም ያው ነው። በየቀኑ የሠሩትን ሰዓት ደብተር ላይ ይጻፉ፣ በወሩ መጨረሻ ይደምሩ፣ ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩ። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ የሙሉ ሥራ ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 6,247.67 ሸቀል፣ በሰዓት 34.32 ሸቀል ሆኖ ተወስኗል፤ ከዚያ ወዲህ ለተሠራ ሥራ በሰዓት ከዚህ በታች ተጽፎ ካዩ መጠየቅ አለብዎ። አሠሪ ትሉሹን እስከ ቀጣዩ ወር 9ኛ ቀን ድረስ የመስጠት ግዴታ አለበት። «በስልክ ውስጥ አለ» የሚል መልስ ከተሰጠዎና መክፈት ካልቻሉ፣ አትሙልኝ ይበሉ።

ሁለተኛው ሙከራችን በድምፅ መጻፍ ነበር። ብዙዎቹ ወላጆች በዋትስአፕ ድምፅ መላክ ከለመዱ ቆይተዋል፤ ስለዚህ ማይክሮፎኑን ነክቶ መናገር አላስቸገራቸውም። ያስቸገረው የእኛ የእስራኤል አማርኛ ነው። አንድ አዛውንት «ነገ ጠዋት ኩፓት ሆሊም ቶር አለኝ» አሉ። ስልኩ «ነገ ጠዋት ጦር አለኝ» ብሎ ጻፈ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አዛውንቱ ግን «ተወው፣ አታርመው፤ ከጸሐፊዋ ጋር የሚሆነው ያው ነው» አሉ። ቁም ነገሩ፣ ስልኩ አማርኛ ተብሎ ሲከፈት የሚጠብቀው ጥሩ አማርኛ ነው። «ቀጠሮ» ሲሉት ያውቃል፣ «ቶር» ሲሉት ይጠፋበታል። «መሥሪያ ቤት» ይበሉት እንጂ «ሚስራድ» አይበሉት። ለልጆቻችን ስንነግራቸው የኖርነው፣ አማርኛውን ከዕብራይስጥ አትቀላቅሉ የሚለው ምክር ከወዲያ ዞሮ ለእኛ መምጣቱ አስገርሞናል።

አጫጭር ነገር ለማስተርጎም ግን ድምፁ ጠቅሟል። «ቀጠሮዬን ወደ ሌላ ቀን ማዛወር እፈልጋለሁ» የሚለውን በአማርኛ ተናግረው ዕብራይስጡን ለጸሐፊዋ ማሳየት ይቻላል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሐሳብ ብቻ።

ከሐኪም ጋር ሲሆን ግን እዚህ ላይ እናቆማለን። የመድኃኒት ትእዛዝ፣ የምርመራ ውጤት፣ ለቀዶ ሕክምና የሚፈረም ወረቀት በስልክ ትርጉም አይወሰንም። ከምግብ በፊትና ከምግብ በኋላ፣ ግማሽ ክኒንና ሁለት ክኒን፣ በአንዲት ቃል ይለያያሉ። የጤና ሚኒስቴር ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊሞች ታካሚውን በሚገባው ቋንቋ እንዲያስተናግዱ መመሪያ ያወጣው በ2011 ነው፤ በስልክ የሚሰጥ የአማርኛ የሕክምና ትርጉምም አለ። ችግሩ ካልጠየቁ የሚያቀርብልዎ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ቁጭ እንዳሉ፣ ሐኪሙ መናገር ሳይጀምር፣ «አኒ ጻሪኽ መታርጌም ለአምሃሪት» ይበሉ፤ ሴት ከሆኑ «አኒ ጽሪኻ»። ይህን ማለት ልመና አይደለም።

ስለ ጉዞ ብዙ አንልም። ከፔታህ ቲክቫ እስከ ባት ያም የሚሄደው ቀዩ መስመር ከነሐሴ 2023 ጀምሮ እየሠራ ነው፤ ለቤይሊንሰን ሆስፒታልም ምቹ ሆኗል። ሹፌር ጋ አይከፈልም፣ ከመሳፈር በፊት ካርድ ማስነካት ወይም በስልክ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። በስልኩም በካርዱም ሞክረን ለአዛውንቶች ራቭ ካቭ ካርዱ እንደሚሻል ፈርደናል። ካርድ ባትሪ አያልቅበትም፣ ምሥጢር ቁጥርም አይጠይቅም። ልጆች ከፈለጉ ካርዱን ስልካቸው ጀርባ ላይ አስጠግተው ቤት ሆነው መሙላት ይችላሉ፤ ልጅ ለወላጁ በስልክ ከሚሠራው ሁሉ ይህ ቀላሉና ጠቃሚው ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሻጮች። ስልክ ተደውሎ፣ አንዳንዴም በአማርኛ፣ «ለእርስዎ ብቻ» ተብሎ ታብሌት ወይም አዲስ ስልክ በወር ክፍያ የሚቀርብበት ጊዜ አለ። በወር 79 ሸቀል ትንሽ ይመስላል፤ ለ36 ወር ከሆነ 2,844 ሸቀል ነው። ሁልጊዜ «በጠቅላላው ስንት?» ብለው ይጠይቁ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተደረገ ግዢን በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ለሁሉም ሰው የተፈቀደ ነው። ዕድሜዎ 65 ከሞላ፣ ወይም የዖሌ ሰርተፊኬት ካገኙ አምስት ዓመት ካልሞላዎ፣ ወይም የአካል ጉዳት ካለብዎ፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተደረገ ሲሆን የመሰረዣ ጊዜው 4 ወር ነው። ይህን ከጠየቅናቸው ወላጆች የሚያውቅ አላገኘንም። ሻጩ ለመሰረዣ ሊወስድ የሚችለው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ዝቅተኛውን ብቻ ነው። ዕቃው ብልሽት ካለበት ያንንም አይወስድም።

ሱቅ ገብተው ከገዙ ሕጉ ሌላ ነው። እዚያ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከመብራት ጋር ከተገናኘ ጥቅም ላይ እንደዋለ ስለሚቆጠር ለመመለስ ያስቸግራል። ልጅዎ አይቶ እስኪስማማ ድረስ ሳጥኑን ባይከፍቱት ይመረጣል።

ለመሰረዝ ሲደውሉ ማሽን ብቻ የሚመልስልዎ ከሆነ ይህንም ይያዙ። የስልክ፣ የኢንተርኔትና የቴሌቪዥን ኩባንያዎች፣ እንዲሁም መብራት፣ ውሃና ጋዝ የሚያቀርቡ፣ ስለ ብልሽት፣ ስለ ሒሳብና ውል ስለማቋረጥ ለሚደውል ሰው በ6 ደቂቃ ውስጥ ሰው እንዲያነጋግረው ከ2019 ጀምሮ በሕግ ይገደዳሉ። ሰዓት ይያዙ፤ የደወሉበትን ቀንና ያነጋገረዎትን ሰው ስም ይጻፉ። የሽያጭ ደወል ጭራሽ እንዳይመጣ ለሚፈልጉም የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ከ2023 ጀምሮ «አል ቲትቃሽሩ ኤላይ» የተባለ ነጻ መዝገብ አለው። ልጅዎ የስልክ ቁጥርዎን በአንድ ዓርብ ሊያስገባልዎ ይችላል።

በመጨረሻ፣ «ጥቅል ደርሶዎታል፣ እዚህ ነክተው ክፈሉ» የሚል መልእክት ሲመጣ አይንኩት። በኤስ ኤም ኤስ የመጣልዎን ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው፣ በአማርኛ «እማማ» ብሎ ቢጠራዎትም፣ ዋትስአፕዎን ሊወስድ ነው። ነክተው ከሆነ ወደ ባንክዎ ወዲያው ይደውሉ፤ ከዚያም በ119፣ ወደ ብሔራዊ የሳይበር መሥሪያ ቤት። ሌሊትም ሆነ ቀን ይነሳል።