ጡት ማስቀነስ፦ ተረትና እውነታ

ጡቷ ከልክ በላይ የከበዳት ሴት ሕመሟን ስትናገር ብዙ ጊዜ የሚመለስላት ወይ ቀልድ ነው፣ ወይ «አምላክ የሰጠሽን አታማርሪ» የሚል ተግሣጽ። በቀዶ ጥገና ላስቀንሰው ካለች ደግሞ አንዱ ያስፈራራታል፣ ሌላው «ምን አላት» ብሎ ያቃልልላታል። ሁለቱም አይጠቅሟትም።

ተረት፦ ቅንጦት ነው።
እውነታ፦ ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት አንገታቸውን፣ ትከሻቸውንና ጀርባቸውን አሟቸው ነው። የጡት ማስያዣው ማንገቻ ትከሻ ላይ ቦይ ያወጣል፤ ከጡት ሥር ያለው ቆዳ በላብ እየራሰ ይቆስላል። በአሜሪካ ብዙ የጤና ኢንሹራንሶች ሕመሙ በሐኪም ከተመዘገበና የሚወጣው ሥጋ በግራም ተሰልቶ መስፈርቱን ካሟላ ወጪውን ይሸፍናሉ።

ተረት፦ ክብደት ብትቀንስ ይበቃታል።
እውነታ፦ ጡት ስብም የወተት እጢም አለው። ስብ የበዛበት ከሰውነት ጋር ሊቀንስ ይችላል፤ እጢ የበዛበት ግን ብዙም ለውጥ አያሳይም።

ተረት፦ የጡት ጫፍ ተቆርጦ ስለሚሰፋ ከዚያ ወዲያ ማጥባት የለም።
እውነታ፦ በተለመደው አሠራር ጫፉ አይነቀልም፤ ከደም ሥሩና ከነርቩ ጋር እንደተያያዘ ወደ ላይ ይዛወራል። ከዚያ በኋላ ወልደው ያጠቡ ብዙ ናቸው። ወተቱ ግን ሊያንስና የቆርቆሮ ወተት መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። የጫፉ ስሜትም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ሊቀንስ ይችላል። ጡቱ እጅግ ትልቅ ሲሆን ጫፉ ተነቅሎ መልሶ የሚተከልበት ጊዜ አለ፤ ያኔ የማጥባት ተስፋ አይኖርም። ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት ይህን ከወዲሁ አንሥታ መነጋገር አለባት።

ተረት፦ ምላጭ የነካው ጡት ካንሰር ይሆናል።
እውነታ፦ ቀዶ ጥገናው ካንሰር አያመጣም። እንዲያውም የወጣው ሥጋ ላቦራቶሪ ሲመረመር አልፎ አልፎ ያልታሰበ ካንሰር ይገኛል። ዕድሜዋ 40 ላለፈ ሴት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ማሞግራም ይታዘዛል።

ተረት፦ ጎበዝ ሐኪም ጠባሳ አይተውም።
እውነታ፦ ጠባሳ አይቀርም። በብዛት በሚሠራበት ስልት ስፌቱ የጡቱን ጫፍ ይዞራል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ከዚያም ከሥር አግድም ይሄዳል። ሐኪሙ መስመሩን የሚያሰምረው ሴቷን አቁሞ ነው፤ ከተኛች ጡቱ ወደ ጎን ስለሚፈስ ልኩ ይሳሳታል። ቁልቁሉና አግድሙ ስፌት የሚገናኙበት ቦታ ትንሽ ሊከፈት ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁስሉን በማሸግ ብቻ ይድናል። ሲጋራ የደም ዝውውርን ስለሚያዳክም ከቀዶ ጥገናው ሳምንታት አስቀድሞ መቆም አለበት። ጠባሳው እስኪደበዝዝ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ጥቁር ቆዳ ላይ ኬሎይድ የሚባለው አብጦ የሚያድግ ጠባሳ ስለሚበዛ ጆሮዋን ተበስታ ጠባሳው ያበጠባት ሴት ለሐኪሟ ትንገር።

ተረት፦ በሳምንቱ ጓዳዋ ትገባለች።
እውነታ፦ ሥራው በሙሉ ማደንዘዣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል፤ ብዙዎች በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ቤት ይሄዳሉ። የቢሮ ሥራ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ይቻላል። ልጅ ማዘል፣ ጀሪካን ማንሣት፣ ሊጥ ማቡካት ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ስለዚህ ቀኑን ከመቁረጥ በፊት ቤት የሚያግዝ ሰው ማግኘት ይቀድማል።

ተረት፦ አንዴ ከቀነሰ አያድግም።
እውነታ፦ እርግዝና፣ ውፍረትና የሆርሞን ለውጥ መልሰው ሊያሳድጉት ይችላሉ። ለዚህ ነው ታዳጊዎች የጡታቸው እድገት እስኪያበቃ እንዲጠብቁ የሚመከረው።

እብጠቱ ለወራት ስለሚቆይ የመጨረሻው መጠን ወዲያው አይታወቅም፤ የጡት ማስያዣ ቁጥርም ከአምራች አምራች ይለያያል። «ይህን ቁጥር ትለብሻለሽ» ብሎ ቃል የሚገባ ሐኪም ካጋጠመ ሌላ ሐኪም ማማከር ነው። ስንት ግራም እንደሚወጣ፣ ጫፉ በምን መንገድ እንደሚዛወር፣ ሌሊት ደም ቢፈስ ማን ስልክ እንደሚያነሣ አስቀድሞ ሳይጠይቁ ፈቃድ ላይ መፈረም አያስፈልግም።