ያ ዓመት መቼ ነበር?

አንድ ሽማግሌ ስለ ድሮው ሲያወሩ ዓመቱን በቁጥር አይጠሩም። «በክፉ ቀን ነው»፣ «በአሞሌ ጊዜ ነው» ይላሉ። ታዲያ ያ ዓመት መቼ ነበር? የአንኮበርን ወረዳ ምሳሌ አድርገን እንመልከት።

አንኮበር በሰሜን ሸዋ ያለ ደጋ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ መቀመጫቸው እዚያ ነበር። ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ አልዩ አምባ ይገኛል። በዚያ ዘመን ዓርብ ዓርብ ትልቅ ገበያ ይቆምበት ነበር። ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወርዳል። ነጋዴው ከአፋር በረሃ ጨው በግመል ያመጣል። የሲራራው መንገድ እስከ ታጁራ ባሕር ይደርስ ነበር። በዚያ መንገድ ቡናና የዝሆን ጥርስ ያልፍ ነበር። ሰውም እንደ ዕቃ ተሸጦ ይነዳበት ነበር። ይህም ታሪክ ነውና አይደበቅም።

ገንዘቡስ ምን ነበር? አሞሌ ነው። አሞሌ ማለት ተጠርቦ የተስተካከለ የጨው ቁራጭ ነው። ዝናብ ካገኘው ይሟሟል፤ ከወደቀ ይሰበራል። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ለምን ቢሉ፣ የጫኙና የከብቱ ድካም ይታሰባል። ለትልቅ ግዢ ግን ማርትሬዛ የሚባል ብር ነበር። በላዩ 1780 የሚል ቁጥር አለ። ማርትሬዛ በቤታችሁ ብታገኙ በቁጥሩ አትታለሉ! 1780 የኦስትሪያዋ ንግሥት የሞተችበት የፈረንጅ ዓመት ነው። ብሩ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን በዚያው ቁጥር ተሠርቷል።

ክፉ ቀን የመጣው በ1880 ዓ.ም. ነው። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ከውጭ በመጣ ከብት በምጽዋ በኩል ገባ። ወደ ሸዋም ደረሰ። በሬ አለቀ። በሬ ከሌለ ምን እርሻ አለ? ዝናብም ጠፋ፤ አንበጣም መጣ። በሬ የሞተበት ገበሬ መሬቱን በዶማ ቆፈረ። ዶማ ለመያዝ አቅም ያጣው ተሰደደ፤ ብዙው ሞተ። ረኃቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ቆየ። ያ በሽታ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ዓመቱን ለማወቅ እነዚህን ያዙ፦

ክፉ ቀን፦ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.
የአድዋ ጦርነት፦ 1888 ዓ.ም.
የኅዳር በሽታ፦ 1911 ዓ.ም.
የማይጨው ጦርነት፦ 1928 ዓ.ም.
ጣሊያን የወጣበት፦ 1933 ዓ.ም.

አሁን እናስላ። አንድ ሽማግሌ «አባቴ የኅዳር በሽታ ሲገባ እረኛ ነበር» አሉ እንበል። እረኛ ስንል ከ7 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ ነው። ከ1911 ላይ 10 ሲቀነስ 1901፤ 7 ሲቀነስ ደግሞ 1904 ይሆናል። ስለዚህ የተወለዱት በእነዚህ ዓመታት መካከል ነው። ስትጽፉ «ገደማ» በሉ። ያልተረጋገጠውን እንደተረጋገጠ አትጻፉ።

አንድ ሽማግሌ ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ሁለተኛም ጠይቁ። እናቶችን አትርሱ። በችግር ዘመን ምን እንደተበላ፣ ጨው በምን እንደተገዛ፣ ማን ከየት መጥቶ እንደሰፈረ አጥርተው የሚያውቁ እነሱ ናቸው።

ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል? የወሰን ወይም የውርስ ክርክር ሲነሣ «ድሮ ነው» የሚል ቃል አያስታርቅም። አባቶች የት እንደሰፈሩና በየትኛው ዘመን እንደሆነ ተጽፎ ከተገኘ ግን ነገሩ ይቀላል። ዛሬ በሕይወት ያሉት ሽማግሌዎች ክፉ ቀንን በዓይናቸው አላዩም፤ ከአያቶቻቸው ሰምተው ያቆዩልን ናቸው። የሰሙትን እኛ ሳንጽፈው ካለፉ ሌላ የሚጠየቅ የለም። እናንተ አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ የሽማግሌውን ስም፣ የነገሩትን፣ ዓመቱን ጻፉ። ዛሬ ማታ ጀምሩ!