የጊታር አንገት የተጋጠመበት ቦታ

ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ በጣርማ በር የወረደ፣ ደብረ ሲናንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ ካራቆሬ የደረሰ ጊታር በአንድ ቀን መንገድ ከደጋ ቆላ ይገባል። እንጨት እንዲህ ያለውን የአየር ለውጥ ዝም ብሎ አያልፈውም፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከሁሉ በላይ የሚፈተነው ደግሞ አንገቱ ከሳጥኑ ጋር የተጋጠመበት ቦታ ነው። ጊታር ገዢ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን አይቶ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ ይሄዳል። መጋጠሚያውን ገልብጦ የሚያይ ጥቂት ነው።

የብረት ክር ያለው ጊታር ሲቃኝ ስድስቱ ክሮች በድምሩ ከ70 እስከ 80 ኪሎ በሚደርስ ኃይል ይስባሉ። የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር የዚህን ግማሽ ያህል ነው። ይህ ሸክም ሌትም ቀንም አይወርድም። የአንገቱን ራስ ወደ ክሮቹ በኩል ይጎትታል፤ ከጀርባ፣ ተረከዙ (ከሳጥኑ የሚገናኘው የአንገቱ ወፍራም ሥር) ያለበት መጋጠሚያም በጊዜ ብዛት መከፈት ይጀምራል። እዚያ ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት ሲፈጠር አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ብረቶች (ፍሬቶች) 12ኛው ላይ ክሩ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ከፍ ይላል። ለዓይን ምንም አይደለም፤ ለጣት ግን ብዙ ነው። ተጫዋቹ አጥብቆ ለመጫን ይገደዳል፣ የተጫነው ክር ይለጠጣል፣ ድምፁም ከልኩ በላይ ይቀጥናል። ባዶ ክሮቹ በትክክል ተቃኝተው ሳሉ ጣት ወደ ሳጥኑ ሲቀርብ የባቲው ወይም የአምባሰሉ ቅኝት የሚበላሸው በዚህ ነው።

ከጊታር በፊት በዚህ አገር የነበረው ማሲንቆ ከዚህ ችግር ነፃ ነው። አንገቱ አንድ ወጥ እንጨት ሲሆን ከሳጥኑ የላይኛው ማዕዘን ገብቶ በታችኛው ይወጣል። የፈረስ ጭራው ከታች ከወጣው ጫፍ ይታሰራል፤ ቆዳው ላይ በቆመችው በርኩማ አልፎ ከላይ መቃኛው ላይ ይጠመጠማል። የክሩን ጉልበት ከዳር እስከ ዳር የሚሸከመው ያው አንድ እንጨት ነው። ፍሬትም የለውም። አዝማሪው ክሩን ከእንጨቱ ጋር ሳያጣብቅ በጣቱ ይነካዋል፣ ልኩንም በጆሮው ያገኘዋል፤ አንገቱ ትንሽ ቢያዘነብል እንኳ ጣቱ ያርመዋል። የጊታር ፍሬት ግን ከቦታው ስለማይነቃነቅ የአንገቱ አቀማመጥ መጠበቅ አለበት።

ጊታር ሠሪዎች ለዚህ የተለያየ መላ አላቸው። በስፔን ልማድ የአንገቱ ሥር ራሱ ይሰነጠቅና የሳጥኑ ጎኖች እዚያ ውስጥ ይገባሉ፤ ሳጥኑ የሚሠራው በአንገቱ ዙሪያ ነው ማለት ይቻላል። ጠንካራ ነው፣ በኋላ ግን በቀላሉ አይፈታም። በ1833 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ድርጅት ማርቲን በሰፊው የሚታወቅበት ደግሞ ጫፉ ሰፊ፣ ሥሩ ጠባብ የሆነ ምላስ ነው። ምላሱ ከላይ ወደ ጉድጓዱ ሲንሸራተት እየጠበቀ ይሄዳል፣ በኮላም ይያዛል። በ1974 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ቴይለር ብሎን መረጠ።

በኮላ የተያዘው የተሻለ ድምፅ አለው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። ድምፁን በዋናነት የሚወልደው ፊተኛው ሰሌዳና ከሥሩ ያሉት ደጋፊ እንጨቶች ናቸው። ከመጋጠሚያው የሚፈለገው እንጨት ከእንጨት ጋር ያለ ክፍተት ገጥሞ እንዲቀመጥ ነው። በደንብ ያልገጠመ ምላስ፣ ኮላ ቢሞላበትም፣ በደንብ ከታሰረ ብሎን ያንሳል።

ትልቁ ልዩነት የሚታየው በጥገና ጊዜ ነው። በብሎን የታሰረው ተፈትቶ ማዕዘኑ ይታረምና ይመለሳል። የማርቲኑ ዓይነት ግን ሥራ አለው፦ ብዙ ጊዜ 15ኛው ፍሬት ይነቀላል፣ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፣ በቀዳዳው እንፋሎት ገብቶ ኮላው ሲለሰልስ አንገቱ ይወጣል። ከዚያ ተረከዙ በጥቂቱ ተሞርዶ እንደገና ይጣበቃል። ኮላ በሙቀት መልቀቁ ለጠጋኙ ይጠቅመዋል፤ በሸዋ ሮቢት ፀሐይ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ለተረሳ ጊታር ግን ያው ሙቀት ጠላት ነው። ስለዚህ ወደ ቆላ ሲወርዱ ክሮቹን ማላላት፣ ጊታሩንም ከመኪናው ይዞ መውረድ ይገባል።

ጊታር የሚገዛ ሰው ቀጥ ያለ ማስመሪያ ፍሬቶቹ ላይ ያጋድም። ጫፉ ክሮቹ በሚታሰሩበት እንጨት (ብሪጅ) አናት ላይ ቢያርፍ አንገቱ ደህና ነው፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ብሪጁን ከፊት ለፊት ቢገጨው አንገቱ አዘንብሏል። ቀጥሎ ቀጭን ወረቀት ተረከዙ ከሳጥኑ በሚገናኝበት ስንጥቅ ያስገባ። ከገባ መጋጠሚያው ተከፍቷል። ሻጩ ከውጭ ኮላ ቀብቶ እንደሚዘጋው ቢነግር መቀበል አያስፈልግም፤ ከውጭ የተቀባ ኮላ ክፍተቱን ይሸፍናል እንጂ የአንገቱን ማዕዘን አይመልስም፣ በኋላ በትክክል ለሚጠግነውም ሥራውን ያከብድበታል።