ሬዲዮ ጣቢያን ከጣቢያ የሚለይበት ስልት

አንቴና የብዙ ጣቢያዎችን ሞገድ በአንድ ጊዜ ስለሚቀበል፣ ከእነዚህ መካከል የተፈለገውን ለይቶ ሌሎቹን የሚያስቀረው በጥቅል ሽቦና በካፓሲተር የተሠራ ሰርኪዩት ነው። ካፓሲተሩ ኃይልን በኤሌክትሪክ መስክ፣ ጥቅል ሽቦው ደግሞ በማግኔት መስክ ስለሚያጠራቅሙ ኃይሉ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል፤ የሚመጣው ሞገድ ድግግሞሽ ከዚህ ምልልስ ጋር ሲገጥም የሚፈጠረው ጉልህ ምላሽም ሬዞናንስ ይባላል። በቀድሞዎቹ ሬዲዮኖች ቁልፉ ሲዞር የካፓሲተሩ ስስ የብረት ቅጠሎች እርስ በርስ እየገቡና እየወጡ የሬዞናንሱን ድግግሞሽ ይለውጡታል።

ይሁንና ሰርኪዩቱ በግራና በቀኝ ያሉትን ድግግሞሾችም ያሳልፋል። የሚያልፈው ኃይል ከከፍተኛው መጠን ወደ ግማሽ በሚወርድባቸው ሁለት ጠርዞች መካከል ያለው ስፋት ባንድዊድዝ ሲሆን፣ የሬዞናንሱ ድግግሞሽ ለዚህ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የጥራት መለኪያ፣ በአጭሩ ኪው፣ ይባላል። በ1,000 ኪሎኸርዝ የተቃኘና ኪው 100 የሆነ ሰርኪዩት ባንድዊድዙ 10 ኪሎኸርዝ ነው። ኪውን በዋናነት የሚቀንሰው በእያንዳንዱ ምልልስ ጥቂት ኃይል ወደ ሙቀት እየለወጠ የሚያባክነው የሽቦው ሬዚስታንስ ነው።

ስለዚህ ኪው ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል ብሎ መደምደም ይቀናል፤ ስሕተት ነው። ንግግርና ሙዚቃ ከተሸካሚው ሞገድ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ስለሚጓዙ፣ ባንድዊድዙ ከልክ በላይ ሲጠብ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ተቆርጠው ይቀራሉ፤ አድማጩም «ስ»ን ከ«ፍ» ለመለየት ይቸገራል።

በአጭር ሞገድ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ያው ኪው 100 በ10 ሜጋኸርዝ ላይ 100 ኪሎኸርዝ ስለሚያሳልፍ፣ ጣቢያዎች በ5 ኪሎኸርዝ ልዩነት በሚደረደሩበት ሰሌዳ ላይ የዶይቼ ቬለን የአማርኛ ስርጭት የሚፈልግ ሰው በዚህ ሰርኪዩት ብቻ ቢወሰን ኖሮ የጎረቤቶቹን ጫጫታ አብሮ በሰማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ ያመጣው ሱፐርሄትሮዳይን የሚባለው ዘዴ ይህን የፈታው የሰርኪዩቱን ኪው ከፍ በማድረግ አልነበረም፤ የሚመጣውን ድግግሞሽ ሁልጊዜ ወደ አንድ ዝቅተኛ ድግግሞሽ፣ በኋላ እንደተለመደው ወደ 455 ኪሎኸርዝ፣ በማውረድ ነው። እዚያ ለ10 ኪሎኸርዝ ስፋት 45 ገደማ የሆነ ኪው ይበቃል።

በሌላው ጫፍ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገበው የእጅ ሰዓት ኳርትዝ አለ፤ ኪው በአሥር ሺዎች ስለሚቆጠር ንግግር ለማሳለፍ አይሆንም፣ ጊዜ ለመቁጠር ግን ተመራጭ ነው። ኃይል የሚያባክነው እጅግ በጥቂቱ በመሆኑም ከቆመበት ተነሥቶ ሙሉ ንዝረቱ ላይ እስኪደርስ በሺዎች የሚቆጠሩ እርግብግቢቶች ያስፈልጉታል።